ክር የሌለው ጊታርና የሙጠሊብ ጆሮ

ጅቡቲ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ሙጠሊብን የማያውቅ ሰው ካገኛችሁ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ ነገ የሚሄድ። ሆዱ የተሰነጠቀ ዑድ፣ አንገቱ የጎበጠ ጊታር፣ ድምፁ የታነቀ ራዲዮ፣ ሁሉም መጨረሻው እሱ ጋ ነው። ሱቁ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚያወራባት ጠባብ ናት። ግን ከኦቦክ ድረስ ባሕር ተሻግረው፣ ዑዳቸውን በአንሶላ ጠቅልለው የሚመጡ አሉ። ክሩን አንዴ ነካ ያደርግና፣ «ይሄ ወድቋል፤ የወደቀውም በግራ ጎኑ ነው» ይላል። ባለቤቱ ወላሂ አልወደቀም ብሎ ይምላል። ቤቱ ገብቶ ሲያጣራ ግን ሚስቱ ስትጠርግ ጥላዋለች፣ በግራ ጎኑ! በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ጆሮ ያለን ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። አንዱ ሙጠሊብ ነው፤ ሌላኛውን መናገር ራስን ማወደስ ስለሚሆን ይቅር።

ታዲያ ሙጠሊብ አንድ ነገር አለበት፤ ሰው አያምንም። ሰው ብቻ አይደለም፣ ምንም ነገር አያምንም። መስጊዱ አዛን ሲል አይነሳም፤ ሁለተኛው መስጊድ እስኪደግመው ይጠብቃል። የሻይ ውሃ ሲፈላ በዓይኑ ካላየ አይጠጣም። ጫት ቀትር ላይ ሲገባ ሰው ሁሉ ከላይ ያለውን ለምለሙን አይቶ ይገዛል፤ እሱ ግን እስሩን ፈትቶ እያንዳንዱን ዘለላ ያገላብጣል። ሻጯ አንድ ቀን ቢመራት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልትገዛው ነው ልትገንዘው?» አለችው። ሚስቱን ሙኒራን ከማግባቱ በፊት ስለ እሷ የሚያጣሩ ሦስት ሰዎች ላከ። ሦስቱም ተመልሰው ጥሩ ልጅ ናት አሉት። «ሦስቱም አንድ ዓይነት ካወሩ ተማክረዋል ማለት ነው» ብሎ ሰርጉን አንድ ዓመት አዘገየው። ሙኒራ ይሄን እስከ ዛሬ አልማረችውም፤ ሽሮው ጨው በበዛበት ቁጥር ታነሳበታለች።

እንዲህ ሆኖ አልተወለደም። ከድሬዳዋ በሸመንደፈር ሲመጣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ያኔ ባቡር ባቡር ነበር! የዛሬው ምኑ ነው፣ ሳትጠግበው ትደርሳለህ። እና ባቡሩ ውስጥ ሌባ አለ ሲሉት ጫማውን አውልቆ፣ ትራስ አድርጎት ተኛ። ሲነቃ ጫማው አለ፤ ሻንጣው የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው።

ጅቡቲ ገብቶ መጀመሪያ ያገኘው ሥራ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው የፈረንጆች ሰፈር፣ አንድ ክበብ ውስጥ መጥረግ ነበር። ክበቡ አሁን የለም፤ ቦታውን ራሱ የሚያውቀው ሰው አልቋል። እዚያ በስተጀርባ መጋረጃዋ የማይከፈት አንዲት ክፍል ነበረች፣ «ሳል ደ ዡ» ይሏታል። በኛ ቋንቋ የጨዋታ ክፍል ማለት ነው። ጨዋታው ግን ቁማር ነበር። አንድ ወታደር ቀትር ላይ በጫማና በሰዓት ገብቶ፣ ወደ ማታ ባዶ እግሩን ሲወጣ አይቷል። ሌላው ግድግዳ ተደግፎ ሲያለቅስ በመጥረጊያ ዞሮት አልፏል። ሙጠሊብ ፈረንሳይኛ የሚያውቀው ቢበዛ አርባ ቃል ነው፤ ሳል ደ ዡን ግን ከነሽታዋ ያውቃታል።

እንግዲህ ወደ ነገራችን እንግባ። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ ሙቀቱ ትንሽ ረገብ ሲል፣ ለልጁ ለሒክማ ሽማግሌ መጣ። ሒክማ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሌላ ልጅም የለውም። ከዚያ በፊት ሁለት ሰው ጠይቋት ሁለቱንም አባቷ መልሷቸዋል። አንዱን «ዝምታው በዝቷል» ብሎ፣ ሌላውን «ሳቁ በዝቷል» ብሎ። በሦስተኛው ጊዜ ሒክማ ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ እናቷ ፊት አስቀመጠችውና፣ «አባዬ፣ ይሄን እኔ ነኝ የምፈልገው። ይሄን ከመለስክ አራተኛ የለም። እዚሁ አረጃለሁ፣ አንተም እያየኸኝ» አለችው። አንገቷን አልደፋችም።

ሽማግሌዎቹ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ገቡ፤ መሪያቸው ሐጂ ሱፊያን ነበር። ሐጂ ሱፊያን ሽቶ የሚነግድ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሲናገር አንዱን ፈረንሳይኛ ካላደረገ የማይሆንለት ሰው ነው። ስለ ልጁ ስለ አኒስ አባት፣ ስለ አያቱ፣ ድሬዳዋ መጋላ ስለነበረው የጨርቅ ሱቃቸው ሁሉ ተወራ። ጥሩ ነው። በመጨረሻ ሙጠሊብ፣ «ልጁ ራሱ ምን ይሠራል?» አለ።

ሐጂ ሱፊያን ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እዚሁ ካርቲየ ሰባት፣ ጫፉ ላይ፣ የራሱ ሳል ደ ዡ አለው» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

አያችሁ! ሰውዬው የቴሌቪዥን ጨዋታ ቤት ማለቱ ነው። በአማርኛ ቢለው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ፈረንሳይኛዋ ግን ሙጠሊብ ጆሮ ውስጥ እንደ ድንጋይ ወደቀች። ፊቱ አልተለወጠም። «ለሚቀጥለው ጁምዓ መልስ እሰጣለሁ» ብሎ ሸኛቸው። ለሙኒራም ለሒክማም ትንፍሽ አላለም፤ እሱ አጣርቶ እንጂ ጠይቆ አያውቅም። የጠየቅከው ሰው ይዘጋጃል ይላል።

ሰኞ ዐሥር ሰዓት ላይ ከአኒስ ጨዋታ ቤት ፊት ለፊት ያለች ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጠ። ጓደኛው ዓብዱሰመድ አብሮት ነበር። ዓብዱሰመድ ዕድሜውን ሙሉ ሸመንደፈር ሠርቶ ጆሮው የደከመ ሰው ነው። እንዲህ ላለ ሥራ አይሆንም፤ ግን ሌላ የሚያምነው ሰው የለም። እሱንም ቢሆን በግማሽ ነው የሚያምነው።

ከቤቱ ሙዚቃ ይሰማል፣ ትልቅ የባንድ ሙዚቃ። ከሙዚቃው ሥር ግን ሌላ ድምፅ አለ፤ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ቋ ቋ ቋ። «ምን ይመስልሃል?» አለው።

«ሙዚቃ ነዋ» አለ ዓብዱሰመድ።

«ከሥሩ ያለው? ጠቅ ጠቅ የሚለው?»

«እኔ ሙዚቃውንም የሰማሁት በደረቴ ነው፣ አቦ።»

ወዲያው ከውስጥ ጩኸት ተነሳ። አንዱ በፈረንሳይኛ «ስድሳ ሺህ!» ይላል፤ ሌላው «ሰማንያ ሺህ!» ይላል። ሙጠሊብ ሻዩን አስቀመጠ። ቁጥር በፈረንሳይኛ ከነዚያ አርባ ቃላት ውስጥ ነው። ከዚያ ጅብሪል የሚባል ባለ ታክሲ፣ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ፀጉሩን እየነጨ ወጣ። «ተበላሁ! መቶ ሺህ ሊሞላ ሲል ተበላሁ! በየቀኑ እዚያው ስደርስ ነው የምበላው!»

«ሰማህ?» አለ ሙጠሊብ።

«ይሄን ሰማሁ» አለ ዓብዱሰመድ።

በዚያ ሳምንት ሙጠሊብ ምግብ አልገባለትም። ልጁን ለቁማርተኛ መስጠት፣ እንኳን በሃይማኖት በሌላም አይሆንም። መከልከሉ ደግሞ ልጁን እስከ መጨረሻው ማጣት ነው። ሒክማ ሳህኑን ከፊቱ ስታነሳ፣ «አባዬ፣ ምን ሆነሃል?» ትለዋለች። «ጨጓራ ነው» ይላታል። እሷ ፋርማሲ ነው የምትሠራው አላልኳችሁም? ሽሮፕ አመጣችለት። የጠርሙሱን ክዳን አገላብጦ አየና ሳይጠጣው አስቀመጠው።

ረቡዕ ዐሥር ሰዓት ላይ የመሣሪያ ሳጥኑን አንጠልጥሎ፣ ዓብዱሰመድን አስከትሎ፣ ቀጥ ብሎ ገባ። መልስ ሳይሰጥ የልጅቷ አባት ጠያቂው ቤት መሄዱ ነውር ነው፣ ያውቀዋል። ግን ሳጥን ይዟል፤ ሳጥን የያዘ ሰው ሥራ መጣ ይባላል እንጂ ሌላ አይባልም።

አኒስ ሲያየው ደነገጠ። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ልጅ ነው። ተንደርድሮ የድምፁን ቁልፍ ቀነሰው፤ ቤቱ ጭጭ አለ። ሙጠሊብ በልቡ፣ «ንጹሕ ሰው ቢሆን ለምን ዝም ያሰኘዋል?» አለ። ግድግዳውን የሚያክል አዲስ ቴሌቪዥን አለ። አጠገቡ በር የሚያካክሉ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ቆመዋል። ቴሌቪዥኑ ላይ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ክቦች እንደ ሳንቲም ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ጥጉ ላይ ቁጥር ይሮጣል። ያቺ የክበቡ ቁማር ክፍል ፊቱ ላይ ድቅን አለችበት።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጋሽ ሙጠሊብ። እ... ይቀመጡ። ውሃ? ለስላሳ?»

«ለሥራ ነው የመጣሁት። ጊታር አለህ አሉኝ፣ የሚጠገን ካለ ብዬ።»

አኒስ አንዱን ጊታር በሁለት እጁ አቀበለው። ሙጠሊብ ተቀብሎ አገላበጠው። ጊታሩ ፕላስቲክ ነው፤ የልጅ መጫወቻ ያህል ይቀላል። አንገቱ ላይ አምስት ባለ ቀለም ቁልፎች አሉት፤ ሆዱ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የምትል አንዲት ምላስ።

«ክሩስ?»

«የለውም።»

«ማን ወሰደው?»

«ማንም አልወሰደውም፣ ጋሼ። ሲሠራም ክር የለውም።»

ዘወር ብሎ ከበሮውን አየ። አራት የጎማ ሳህኖች በብረት እግር ላይ ተሰክተዋል፤ ጅብሪል በዱላ ሲመታቸው ቋ ይላሉ እንጂ ከበሮ አይሉም። ክር የሌለው ጊታር፣ ቆዳ የሌለው ከበሮ! ሰው ባዶ ነገር የሚይዘው ውስጡ የሚደብቀው ነገር ሲኖር ነው። ጊታሩን ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቀው፤ ምንም አልተንኳኳም። ይሄ ደግሞ ባሰበት፤ ደህና አድርገው ነው የደበቁት ማለት ነው።

«ገንዘቡ የታለ?» አለ ፊት ለፊት።

«የቱ ገንዘብ?»

«ይሄ ሰውዬ ሰኞ የተበላው! መቶ ሺህ ሊሞላ ሲል የተበላው! በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

ጅብሪል ዱላውን ጣለና ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ጋሼ፣ ነጥብ እኮ ነው! ነጥብ! መቶ ሺህ ፍራንክ ቢኖረኝ እዚህ ምን አስቀመጠኝ፣ ታክሲዬን ጎማ አላለብሳትም?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ዓብዱሰመድ ራሱ ሳቀ፤ ምኑን እንደሰማ አላህ ያውቃል። አኒስ ግን አልሳቀም። ነገሩ አሁን ነው የገባው፤ ፊቱ ተለዋወጠ። «ጋሽ ሙጠሊብ፣ ቁማር መስሎዎት ነው? እኔ? ፕላቶ ዱ ሰርፓን የነበሩ ፈረንጆች አገራቸው ሊገቡ ሲሉ ዕቃቸውን ሲሸጡ ነው ይሄን ጨዋታ የገዛሁት። ሙዚቃው ይመጣል፣ ቀለሙ መስመሩ ላይ ሲደርስ ቁልፉን ይዞ ምላሷን መንካት ነው። ያገኘ ነጥብ ያገኛል፣ የሳተ ይወጣል። በቃ። ሰው የሚከፍለኝ ለሰዓቱ ብቻ ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይቅርታ ብሎ ይወጣ ነበር። ሙጠሊብ ግን በሰው አፍ አያምንም አላልኩም? «ስጠኝ፣ እኔ ልሞክረው» አለ።

ማንጠልጠያውን አንገቱ ላይ አጠለቁለት። አምሳ ዓመት ሙሉ የሙዚቃ ዕቃ ጭኑ ላይ ያሳደረ ሰው፣ ሙዚቃው ሲጀምር እጁ ወዲያው አገኘው፤ ምት የሳተ አልመሰለውም። ቴሌቪዥኑ ግን ስተሃል ብሎ ቀይ አበራ። ደግሞ ቀይ። እዚያ ውስጥ ያለው የተሳለ ሕዝብ ማጉረምረም ጀመረ፤ ትንሽ ቆይቶ ጮኸበት፣ ሙዚቃውም ተቆረጠ።

«እነማን ናቸው የሚጮሁብኝ?»

«ተመልካች ናቸው፣ ጋሼ። የውሸት ናቸው።»

«ታዲያ በውሸት ተመልካች ነው የምታሰድበኝ?»

ላቡን ጠረገና ድጋሚ አስጀመራቸው። አሁን አልተጫወተም፤ ቁልፍም አልነካ። ጊታሩን አንጠልጥሎ፣ ዓይኑን አንዴ ጨፍኖ አንዴ ገልጦ፣ ጫማውን መሬት ላይ እየመታ ዝም ብሎ አዳመጠ። ከዚያ እጁን አነሳ።

«አቁሙት። ይቺ ነገር ትዋሻለች።»

«እንዴት?» አለ አኒስ።

«ወደብ ላይ፣ ራቅ ብሎ ሰው ብረት ሲመታ አይተህ አታውቅም? መጀመሪያ መዶሻው ሲወርድ ታያለህ፣ ከዚያ ድምፁ ይደርስሃል። አላህ የሠራው እንዲያ ነው። እዚህ ቤት ግን መጀመሪያ ይሰማል፣ ከዚያ ይታያል። ከበሮው መትቶ አልፎ ነው ቀለሙ መስመሩ ላይ የሚደርሰው። ትንሽ ናት፣ የዓይን ጥቅሻ ታህላለች። ግን አለች። ዓይኑን ያመነ ሰው እዚህ ቤት ሁልጊዜ ይበላል።»

አኒስ መነጽሩን አወለቀ። ቀስ ብሎ፣ «ቴሌቪዥኑን ከገዛሁ አንድ ወር ሆነኝ» አለ። «ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ይስታል። ይናደዳሉ፣ ይሄዳሉ። ጊታሮቹ ተበላሽተው መስሎኝ ሁለቴ ፈታኋቸው። ድምፁ ከጨዋታው ማሽን ቀጥታ ወደ ማጉያው ነው የሚሄደው። ምስሉ በቴሌቪዥኑ ሲዞር ይዘገያል ማለት ነው።»

«እኔ ማለትን አላውቅም። ዘግይቷል።»

አኒስ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ሲፈልግ፣ ምን እንደሚሠራ ገብቶት የማያውቅ አንድ ገጽ አገኘ። እዚያ ያለውን ቁጥር ትንሽ ገፋ ያደርጋል፣ ሙጠሊብ ያዳምጣል። «ገና ነው። ገና። አለፈ፣ መልስ። ትንሽ መልስ። እህ! እዚያ ላይ ተዋት።» ዑድ እንደሚቃኝ ነው የቃኛት። ጅብሪል ዱላውን አንስቶ ሞከረ፤ ቁጥሩ ሮጠ፣ ሮጠ፣ መቶ ሺህን ጥሶ አለፈ። ሰውየው ከደስታው ብዛት ዓብዱሰመድን ግንባሩ ላይ ሳመው።

አሁን ሙጠሊብ ደረቱን ነፍቶ ጊታሩን መልሶ አነሳ። ሙዚቃው ጀመረ። ቀይ አበራ። ደግሞ ቀይ። ሕዝቡ ጮኸበት፣ ተቆረጠ።

«አሁንም ትዋሻለች!» አለ።

ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ የልጅቷ አባት መሆኑን ያውቃል። ጅብሪል ቶሎ ብሎ፣ «አዎ ጋሼ፣ ትዋሻለች!» አለ። ሌሎቹም ተቀበሉ፤ «አሮጌ ማሽን ነው»፣ «ጊታሩ ነው»፣ «መብራቱ ነው።» ሙጠሊብ ግን ዓይኑን ከአኒስ ላይ አልነቀለም። ልጁ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ከጁምዓ በፊት ሁለት ቀን ነው የቀረው፤ አንዲት «አዎ» ብትወጣው ሁሉም ነገር ያልቅለታል።

«አይ ጋሽ ሙጠሊብ» አለ። «አሁን ማሽኑ ልክ ነው። እርስዎ ነዎት። ዘፈኑን ስለሚያውቁት ከቀለሙ ቀድመው ይሄዳሉ። ይቸኩላሉ።»

ሙጠሊብ ማንጠልጠያውን ከአንገቱ አወጣ፣ ጊታሩን ወንበር ላይ አስቀመጠ፣ ሳጥኑን አነሳ፣ ደህና ዋሉ ሳይል ወጣ።

አኒስ ለሒክማ ስልክ ደውሎ ምን እንዳላት አይታወቅም፤ ብቻ ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ዓይኗ ቀልቶ ዋለ። ሙኒራ ባሏን በነገር ወጋችው። «ቁማርተኛ አይደለም፣ ሰካራም አይደለም፣ ምን ቀረህ? ደግሞ ሦስት ሰው ልትልክ ነው?» እሱ የአንድ የመናዊ ዑድ ሆድ እየለጠፈ ነበር፤ ሙጫው መያዙን ሁለቴ በጣቱ ነክቶ አጣራ።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሐጂ ሱፊያንና ሽማግሌዎቹ ገብተው ተቀመጡ። ሒክማ ከመጋረጃው ጀርባ ናት፤ እግሯ ከሥር ይታያል።

«እህስ፣ ሙጠሊብ?» አለ ሐጂ ሱፊያን።

«አጣርቻለሁ።»

«ምን አገኘህ?»

«እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ከእኔ የሆነ ነገር የሚፈልግ ሰው ሁሉ አዎ ይለኛል። ዑዱን በርካሽ እንድሠራለት የሚፈልገው አዎ ይለኛል። ሱቄን የሚፈልገው አዎ ይለኛል። ይሄ ልጅ ልጄን ይፈልጋል። እኔ ሰው ፊት ስሳሳት፣ ቤቱ ሙሉ ሰው አዎ ሲለኝ፣ እሱ ብቻ ተሳስተሃል አለኝ። እየፈራ አለኝ፤ ላቡን አይቻለሁ።» ወደ መጋረጃው አየ። «ልጄን ልትሳሳት ስትል ዝም ብሎ የሚያያት ሰው አይደለም። ሰጥቻለሁ።»

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ነገር ወደቀ፤ ብርጭቆ ይመስላል። ሐጂ ሱፊያን፣ «በሉ ፋቲሓ» አለ፤ የቁርኣንን መክፈቻ ሊቀሩ ሁሉም እጁን ዘረጋ፣ ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ። ሙጠሊብ ግን አንድ ዓይኑን ገልጦ ተራ በተራ የሽማግሌዎቹን ከንፈር ያይ ነበር፤ በትክክል የሚቀራው ማን ነው፣ ከንፈሩን ብቻ የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው ብሎ። ሙኒራ ከበሩ ሥር ሆና አየችው።

«አንተ ሰውዬ!» አለች በሹክሹክታ። «ለዛሬ እንኳ ጨፍን!»

ጨፈነ። ጆሮውን ግን ማን ይጨፍንለታል? ከዳር ያለው ሽማግሌ አንድ አንቀጽ ሲዘል ሰምቶ፣ «እሱን እንደገና» አለ።